ሞተሩ ተቀይሮ ሴንሰሩ ሲያስቸግር

የአሮጌ ሂሉክስ ፒክአፕ ሻንሲ ገና ብዙ ዓመት የሚሠራ ሆኖ ሳለ ሞተሩ ቀድሞ ይደክማል። ያኔ ባለንብረቱ 2ኤል ወይም 3ኤል ሞተሩን ያወጣና ከፕራዶ ወይም ከሰርፍ የወጣ 1ኬዚ-ቲኢ ያስገባል። በውሳኔው የሚነቀፍ ነገር የለም። 2,446 ሲሲ ያለ ቱርቦ ሲጎትት የኖረ መኪና 2,982 ሲሲ ከነቱርቦው ሲያገኝ ልዩነቱ የመጀመሪያው ዳገት ላይ ይታወቃል። ጣጣው የሚጀምረው ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ነው። የሙቀት ጌጁ ከታች አልነሣ ይላል፤ የዘይት ጌጁ ጫፍ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ጠዋት ጠዋት ሞተሩ ያስቸግራል፤ ዳገት ላይ ጉልበት ያጥረዋል። ባለንብረቱ ሴንሰር ይገዛል፤ ለውጥ የለም። ሌላ ይገዛል፤ ያም ያው ነው።

ሁለተኛውን ሴንሰር ከመግዛትዎ በፊት አንድ ጥያቄ ይመልሱ፦ ይህን ሴንሰር የሚያነበው ማን ነው? ሴንሰር የሚመረጠው በታሰረበት ሞተር ሳይሆን በሚያነበው ዕቃ ነው። የሚያነበው ዳሽቦርዱ ላይ ያለ ጌጅ ከሆነ ሴንሰሩ የመኪናው መሆን አለበት። የሚያነበው የሞተሩ ኮምፒውተር ከሆነ ደግሞ የአዲሱ ሞተር መሆን አለበት። ከሞተር ቅየራ በኋላ ከሚመጡት የሴንሰር ችግሮች ብዙዎቹ የሚፈጠሩት እነዚህ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ነው።

ያለዎትን ሞተር ይወቁ

1ኬዚ-ቲ እና 1ኬዚ-ቲኢ ሲያዩዋቸው ይመሳሰላሉ፤ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። በመጀመሪያው የናፍጣው ፖምፓ ሙሉ በሙሉ ሜካኒካል ነው። በሁለተኛው የናፍጣውን መጠንና ሰዓት የሚወስነው ኮምፒውተር ነው። ለመለየት የነዳጅ ፔዳሉን ኬብል ተከትለው ይሂዱ። ኬብሉ ፖምፓው ላይ ካለ ማንሻ ጋር ከተያያዘ ሜካኒካል ነው። አየር ማስገቢያው ላይ ወዳለው ክፍል ከሄደና ፖምፓው የኤሌክትሪክ ሶኬቶች ካሉት ቲኢ ነው።

ቲኢ ከሆነ ሞተሩን ብቻውን አይግዙ። ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ሲገዙ ኮምፒውተሩ፣ ሙሉ የሽቦ ጥቅሉ፣ ሪሌዎቹና ሶኬቶቹ ከዚያው መኪና የወጡ መሆን አለባቸው። ሶኬቱን በመቀስ ቆርጦ ሞተሩን ብቻ የሚያስረክብ ሻጭ በዋጋ ቢቀንስልዎትም ቅናሹ ለኤሌክትሪሺያን ከሚከፍሉት አይበልጥም። ኮምፒውተሩ ከአውቶማቲክ መኪና ወጥቶ የእርስዎ ካምቢዮ ማንዋል ከሆነ ከግዢው በፊት ይጠይቁ፤ አንዳንዱ የካምቢዮውን ሽቦዎች ሲያጣ ስሕተት ይመዘግባል። ቁልፉን የሚለይ ኮምፒውተር ከሆነም ከነቁልፉ ካልመጣ ሞተሩ አይነሣልዎትም።

የሞተር ቁጥሩንም እግረ መንገድዎን ይጻፉ። ሊብሬው ላይ የሻንሲ ቁጥር ብቻ ሳይሆን የሞተር ቁጥርም አለ፤ የግዢ ሰነዱን ይዘው ቁጥሩን ካላስለወጡ ለዓመታዊ ምርመራ ሲቀርቡ ይቸገራሉ።

ከሴንሰሩ በፊት ኔጌቲቩን ይለኩ

ሞተር ሲወጣና ሲገባ ከሁሉ ቀድሞ የሚረሳው ከሞተሩ ብሎክ ወደ ቦዲው የሚሄደው የኔጌቲቭ ገመድ ነው። ቢታሰርም ብዙ ጊዜ ቀለም በተቀባ ወይም ዝገት በያዘ ብረት ላይ ይታሰራል። አንድ ሽቦ ያላቸው ሴንሰሮች ኔጌቲቫቸውን የሚያገኙት ከብሎኩ ስለሆነ ይህ ገመድ ከላላ የሁሉም ጌጅ ንባብ ይዛባል።

መልቲሜትሩን ዲሲ ቮልት ላይ ያድርጉ። አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ምሰሶ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ብሎክ ንጹሕ ብረት ላይ ያኑሩ። ሞተሩ ተነሥቶ የፊት መብራትና ማራገቢያ በርተው እያለ ያንብቡ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ ገመዱን ይንቀሉ፣ የሚታሰርበትን ቦታ እስከ ነጭ ብረቱ ይፋቁ፣ መልሰው ይሰሩ። ከብሎክ ወደ ቦዲ፣ ከባትሪ ወደ ቦዲም እንዲሁ ይለኩ። ይህን ሳያደርጉ ወደሚቀጥለው አይለፉ፤ ከዚህ በኋላ የሚለኩት ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

ጌጆቹ

ከሙቀት ጌጁ ይጀምሩ፤ ምክንያቱም የ1ኬዚ ቴስታታ አልሙኒየም ነው፤ ውሃ ሲፈላበት ይሰነጠቃል። የሚዋሽ ጌጅ ይዞ መንገድ መውጣት ቴስታታ ለመግዛት እንደመውጣት ይቆጠራል።

ሞተሩ ላይ ቢያንስ ሁለት የውሃ ሙቀት ሴንሰሮች ያገኛሉ። አንድ ሽቦ ያለው ለጌጁ ነው፤ ሁለት ሽቦ ያለው ለኮምፒውተሩ ነው። ሁለቱም ሲሞቁ ሪዚስታንሳቸው ይቀንሳል፤ መጠናቸው ግን በጣም ይራራቃል። የቶዮታ ኮምፒውተር ሴንሰር በ20 ዲግሪ ከ2,000 እስከ 3,000 ኦም፣ በ80 ዲግሪ ከ200 እስከ 400 ኦም ያሳያል። የጌጁ ሴንሰር ግን ገና በ50 ዲግሪ ወደ 200 ኦም አካባቢ ይወርዳል፤ ሞተሩ ሲፈላ ደግሞ ከጥቂት አሥር ኦም አይበልጥም።

አሁን ሁለቱ ቢቀያየሩ ምን እንደሚሆን ይመልከቱ። የኮምፒውተሩን ሴንሰር ከጌጁ ጋር ያገናኘ ሰው ሞተሩ እየፈላ ጌጁ "ቀዝቃዛ" ሲል ያያል፤ 300 ኦም ለጌጁ ገና ያልሞቀ ሞተር ነውና። የጌጁን ሴንሰር ለኮምፒውተሩ የሰጠ ሰው ደግሞ ጠዋት ብርድ ላይ ኮምፒውተሩ ሞተሩ የሞቀ መስሎት ማሞቂያ ካንዴላውን ቶሎ ያጠፋዋል፤ ሞተሩ እየተንቀጠቀጠና እየጨሰ በግድ ይነሣል። ሁለቱንም ሥራ ለአንድ ሴንሰር የሚሰጡም አሉ። ይህን አያድርጉ፤ የጌጁ ኤሌክትሪክ የኮምፒውተሩን ንባብ ያበላሻል።

ጌጁ ደህና መሆኑን እንዲህ ይፈትሹ። ቁልፉን ከፍተው ሞተሩን ሳያስነሡ የሴንሰሩን ሽቦ ይንቀሉ፤ መርፌው ከታች መቀመጥ አለበት። ከዚያ ሽቦውን በትንሽ አምፖል በኩል (ባለ 3.4 ዋት ይበቃል) ከብሎኩ ጋር ያገናኙ፤ መርፌው መነሣት አለበት። ያለ አምፖል በቀጥታ አያገናኙ፤ ጌጁ ሊቃጠል ይችላል። መርፌው ከተነሣ ጌጁና ሽቦው ደህና ናቸው፤ ጥፋቱ ሴንሰሩ ጋ ነው። ካልተነሣ ሴንሰር ቢቀያይሩ ገንዘብ ከማባከን በቀር አይጠቅምም፤ ሽቦውን ወይም ጌጁን ይፈልጉ።

ሴንሰሩ ከሆነ ከአሮጌው ሞተር ላይ የነበረውን ነቅለው ወደ አዲሱ ያዛውሩ። ጥርሱ አልገጥም ካለ አዳፕተር ያስቀርጹ፤ ቴስታታውን ግን እንዳይበሱ። የሚቀመጥበት ቦታ ውሃ ዘወትር የሚዞርበት፣ ከቴርሞስታቱ በሞተሩ በኩል መሆን አለበት። ከቴርሞስታቱ ወዲያ ካስቀመጡት ቴርሞስታቱ ባልተከፈተ ጊዜ ምንም አያነብም። ጥርሱ ላይ የሚጠቀለለውን ነጭ ቴፕም አያብዙ፤ ብዙ ከተጠቀለለ ሴንሰሩን ከብሎኩ ለይቶ ኔጌቲቭ ያሳጣዋል።

የዘይቱ ጉዳይ አጭር ነው። ለመብራት የሚሠራው ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ ነው፤ ወይ ያገናኛል ወይ ያቋርጣል። ለጌጅ የሚሠራው ግን ግፊቱን እየተከተለ ይለወጣል፤ አካሉም ወፈር ያለ ነው። የጌጅ መኪና ላይ የመብራቱን ካሰሩ መርፌው ሞተሩ ሲነሣ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ዘሎ እዚያው ይቀራል። ይህን ካዩ ከአሮጌው ሞተር ያለውን ያዛውሩ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ጊዜ የእጅ ግፊት መለኪያ አሳስረው እውነተኛውን ግፊት ይዩ፤ ያገለገለ ሞተር ስለሆነ ጌጁ እውነቱን እየተናገረ ሊሆን ይችላል።

የሞተር ዙር ጌጁ የቤንዚን መኪና ከነበረ አይሠራም፤ ያኛው ምልክቱን ከኮይል ነበር የሚወስደው። የናፍጣ ዳሽቦርድ ቢፈልጉለት ይሻላል፤ ናፍጣ ሆኖም ከሌላ ሞተር የመጣ ከሆነ ንባቡን አይመኑት።

ኮምፒውተሩ እንዲናገር ያድርጉ

አሮጌ የናፍጣ ሂሉክስ ዳሽቦርድ ብዙ ጊዜ የቼክ ኢንጅን አምፖል የለውም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ስሕተቱን ቢያውቅም የሚነግርበት አፍ የለውም። ትንሽ ባለ 12 ቮልት አምፖል ገዝተው አንዱን ጫፍ ቁልፍ ሲከፈት ከሚመጣ ፖዘቲቭ፣ ሌላውን ኮምፒውተሩ ላይ ደብሊው ከተባለው መስመር ጋር ያሳስሩ። ከሴንሰር ሁሉ በፊት የሚገዛ ነገር ቢኖር ይህ አምፖል ነው፤ ዋጋውም ከቁጥር አይገባም።

በ1ኬዚ-ቲኢ ዘመን ቶዮታዎች ኮፈኑ ስር የመመርመሪያ ሳጥን አለ። ክዳኑ ውስጥ የቀዳዳዎቹ ስም ተጽፏል። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቲኢ1 እና ኢ1 የሚሉትን በአጭር ሽቦ ያገናኙና ቁልፉን ይክፈቱ። አምፖሉ ሳያቋርጥ እኩል እኩል ብልጭ ድርግም ካለ የተመዘገበ ስሕተት የለም። ካለ ግን ባለ ሁለት አሃዝ ቁጥር ይሰጥዎታል፦ ሁለት ጊዜ ብልጭ ብሎ ጥቂት ቆሞ እንደገና ሁለት ጊዜ ብልጭ ካለ 22 ነው። 22 የውሃ ሙቀት፣ 24 የአየር ሙቀት፣ 12 እና 13 የሞተር ዙር ምልክቶች፣ 42 የመኪና ፍጥነት ናቸው። ቁጥሮቹን በወረቀት ይጻፉ። ከዚያ የኮምፒውተሩን ፊውዝ ለጥቂት ጊዜ ነቅለው ይመልሱ፤ ሞተሩን አስነሥተው ትንሽ ከነዱ በኋላ እንደገና ያንብቡ። በገጠማው ወቅት ሶኬት ሳይሰካ ቁልፍ በመከፈቱ የተመዘገቡ አሮጌ ስሕተቶች ይጠፋሉ፤ የሚመለሱት ብቻ እውነተኛ ናቸው።

ቁጥር ማለት ሴንሰሩ ሞቷል ማለት አይደለም። የመጣው ምልክት ለኮምፒውተሩ አልገባውም ማለት ነው፤ መሐል ላይ ሽቦ አለ፣ ሶኬት አለ፣ በቴፕ የተጠቀለለ ቅጥልጥል አለ። የውሃ ሙቀት ከሆነ ሶኬቱን ከሴንሰሩ ነቅለው ሪዚስታንሱን ይለኩ። ከዚያ ሶኬቱን ወደ ሴንሰሩ መልሰው፣ የኮምፒውተሩን ትልቅ ሶኬት ነቅለው፣ ቲኤችደብሊው እና ኢ2 በተባሉት ሽቦዎች መካከል ይለኩ። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ መሆን አለባቸው። ሴንሰሩ ላይ 2,400፣ ኮምፒውተሩ ጋ 3,900 ካገኙ ጥፋተኛው ሽቦው ነው። የተጠማዘዘውን ቅጥያ ፈትተው በቆርቆሮ ያስበይዱት። ኢ2ን ግን ወደ ቦዲ አያሳስሩ፤ ወደ ኮምፒውተሩ ብቻ የሚመለስ የሴንሰሮች ኔጌቲቭ ነው።

የሞተር ዙር ምልክት የሚሰጡት ሁለት ሴንሰሮች፣ አንዱ ፖምፓው ላይ ሌላው ክራንክ ሻፍቱ አጠገብ ያለው፣ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ሁለቱ ሽቦዎቻቸው ከተገለባበጡ ምልክቱ ይገለበጣል፤ ሞተሩ ይዞራል እንጂ አይነሣም፣ ቢነሣም ይንቀጠቀጣል። በሽቦዎቹ ዙሪያ ያለው የብረት ሽሩባ መከላከያ ነው፤ በኮምፒውተሩ በኩል ብቻ ኔጌቲቭ ይያዝ እንጂ በሁለቱም ጫፍ አይታሰር።

ሌሎቹን ሦስት ሽቦ ያላቸውን ሴንሰሮች ለመፈተሽ ሶኬቱን ነቅለው፣ ቁልፉን ከፍተው፣ በቪሲ እና በኢ2 መካከል 5 ቮልት አካባቢ መኖሩን ያረጋግጡ። ከሌለ ሴንሰሩን አይንኩት፤ ችግሩ ከበላዩ ነው።

የፈላ ውሃና የከፍታ ነገር

ሴንሰርን በፈላ ውሃ መሞከር ጥሩ ዘዴ ነው። ነገር ግን የመመሪያ መጻሕፍቱ የተጻፉት ለባሕር ጠለል ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ እንጂ በ100 አይደለም። ስለዚህ "ፈልቷልና 100 ነው" ብለው ከመጽሐፉ ቁጥር ጋር ካስተያዩ ደህናውን ሴንሰር ይጥሉታል። ቴርሞሜትር ይጠቀሙ፤ ከሌለ ሁለቱን ሴንሰሮች፣ ማለትም ደህና መሆኑን የሚያውቁትንና የሚጠረጥሩትን፣ በአንድ ድስት ውስጥ በሽቦ አንጠልጥለው እየተቀያየሩ ይለኩ። ሶኬታቸው ከውሃው በላይ፣ ነሐሱ ብቻ ውሃው ውስጥ ይሁን። አንድ ዓይነት ከሆኑ ከቀዝቃዛ እስከ ፍላት ተጠጋግተው ይወርዳሉ። ይኸው የመፍላት ጉዳይ የራዲያተር ክዳንንም ይመለከታል። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ደጋ ላይ ውሃው ቀድሞ ይፈላል፤ ሴንሰሩ ቢወቀስም ጥፋቱ የክዳኑ ነው።

የቱርቦ ግፊት ሴንሰሩም እንዲሁ ነው። ይህ ሴንሰር የሚያነበው ፍጹም ግፊትን ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ሲከፈት ባሕር ጠለል ላይ ወደ 101 ኪሎ ፓስካል፣ አዲስ አበባ ላይ ግን 76 አካባቢ ብቻ ያነባል። ቮልቱ ከመጽሐፉ ዝቅ ቢል ሴንሰሩ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ አየሩ ሳስቷል። ወደ አዳማ ሲወርዱ ቮልቱ ከፍ ካለ ሥራውን እየሠራ ነው። የተሻለው ፈተና ቱቦውን ነቅሎ በትልቅ መርፌ ሲሪንጅ ቀስ ብሎ መግፋትና መሳብ ነው። ቮልቱ ሲገፉ ከፍ፣ ሲስቡ ዝቅ ካለ ሴንሰሩ ሕያው ነው። ዝም ካለ የሞተ ነው።

ዳገት ላይ ጉልበት ካጣና ጭስም ከሌለው ግን ሴንሰሩን ከመፈተሽ በፊት ቱቦውን ይመልከቱ። ከአየር ማስገቢያው ወደ ሴንሰሩ የሚሄደው ቀጭን ጎማ በገጠማ ጊዜ ይረሳል ወይም ይሰነጠቃል። ያኔ ኮምፒውተሩ ቱርቦው አልሠራም ብሎ ናፍጣውን ይቀንሳል።

ፖምፓው ላይ ያሉት ትናንሽ ሶኬቶች

የ1ኬዚ-ቲኢ ፖምፓ ሽቦ ከሌላቸው ሁለት ትናንሽ የፕላስቲክ መሰኪያዎች ጋር ይመጣል። ውስጣቸው ሪዚስተር ነው። ፋብሪካው እያንዳንዱን ፖምፓ ለክቶ፣ ይህ ፖምፓ ከልኩ ምን ያህል እንደሚለይ ለኮምፒውተሩ የሚነግር ሪዚስተር ይሰካበታል። መካኒክ ሆኖ የማያውቃቸው ሰው ትርፍ ሶኬት መስለውት ይጥላቸዋል፤ ወይም ፖምፓው ሲቀየር የአሮጌውን ፖምፓ ሪዚስተር በአዲሱ ላይ ይሰካል። ውጤቱ ጭስ ወይም የጉልበት ማጣት ነው፤ ስሕተቱም የሴንሰር ይመስላል። እነዚህ ሪዚስተሮች ከፖምፓው ጋር ይሄዳሉ፤ ከኮምፒውተሩም ከመኪናውም ጋር አይደለም። ፖምፓ ሲገዙ እነሱ ከሌሉበት ሌላ ይፈልጉ። ከኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ግምታዊ ሪዚስተር ገዝቶ መሰካት መፍትሔ አይሆንም።

ሁለት ነገር ቀርቷል። የፔዳሉ ኬብል ከአሮጌው መኪና ከሆነ እርዝመቱ አይበቃም ይሆናል፤ አንድ ሰው ፔዳሉን እስከ መጨረሻ ረግጦ ይያዝልዎትና አየር ማስገቢያው ላይ ያለው ክንፍ ሙሉ በሙሉ መከፈቱን በዓይንዎ ይዩ። ግማሽ የሚከፈት ከሆነ ኮምፒውተሩ ግማሽ ፔዳል ነው የሚያየው፤ ጉልበትም ግማሽ ነው። 42 ቁጥር ደግሞ አሮጌው የፍጥነት ጌጅ በኬብል የሚሠራና ለኮምፒውተሩ ምልክት የማይልክ ሲሆን ይመጣል። በማንዋል ካምቢዮ ላይ ሞተሩን አያቆመውምና ለመጨረሻ ቢተዉት ምንም አይደለም።

ሁሉም ከተስተካከለ በኋላ አንድ ወረቀት ይውሰዱ። የትኛው ሽቦ ወደ የትኛው እንደሄደ፣ ቀለሙን ጨምሮ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ቁጥር፣ ጌጁ ላይ ያለው ሴንሰር ከየትኛው ሞተር እንደመጣ ይጻፉበት። ኤሌክትሪሺያንዎ እንዲፈርምበት አያስፈልግም፤ እንዲጽፍ ግን ይጠይቁት፤ ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁት። ወረቀቱን በፕላስቲክ ጠቅልለው ከሊብሬው ኮፒ ጋር መኪናው ውስጥ ያስቀምጡ። ነገ መንገድ ላይ ኮፈኑን የሚከፍት ሌላ ባለሙያ የተቀየረ ሞተር መሆኑን የሚያውቀው ከዚያ ወረቀት ነው።